ቧንቧው ላይ የተንጠለጠለው ሰዓት

እናቴ ሐሊማ፤ ልጄ ዘይነብ፤ ሙሽራዋ መርየም፣ የወንድሜ ልጅ፤ እኔ። ከአራታችን ይህን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም።

ናዝሬት መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ፈትቼ፣ አቃጥዬ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። እናቴ ሁለት ጊዜ ስትወድቅብኝ በየክፍሉ የሰው እንቅስቃሴ የሚያሳውቅ ትንንሽ ሴንሰር ተከልኩ፤ በእጇም ሰዓት አሰርኩላት። ሰዓቱ የትኛው ክፍል እንዳለ ሱቄ ሆኜ ስልኬ ላይ አይ ነበር። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

ባለቤቴ ለመርየም ሠርግ ቀድማ አቦምሳ ሄዳ ነበር። ዘይነብ አያቷን ስትጠብቅ ሰንብታ እሁድ በሚዜነት ልትከተል ነበር። ሐሙስ ስልኬን ስከፍት እናቴ ከቀትሩ የዙህር ሰላት ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ናት ይላል። ሳሎን ግን ሰው ይንቀሳቀሳል። በባጃጅ በረርኩ፤ መንገድ ላይ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት አዛን ተሰማ። ስደርስ እናቴ ሰዓቷን እንዳሰረች ሳሎን ተቀምጣለች።

«አያትሽን ጥለሽ ቴሌቪዥን ታያለሽ?» አልኳት ዘይነብን።

«ኧረ አባባ! ከአኮ ጋር እዚሁ ስንሳሳቅ ነው የዋልነው።» አያቷን «አኮ» ነው የምትላት።

እናቴም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከእኔ ይልቅ ስልክህን ታምናለህ?» አለች።

«ስልክ አይዋሽም» አልኩ። እናቴ ለዘይነብ የምታደላ መስሎኝ። ዘይነብንም ዋሽተሻል ብዬ ሠርጉን ከለከልኳት።

ዓርብ ቤት ስገባ እናቴ ለሰላት ስትታጠብ አየኋት። ሰዓቱን ፈታ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለችው፤ ታጠበች፤ እዚያው ረስታው መስገጃዋ ላይ ቆመች። ለካ ሐሙስም ለዙህር ስትታጠብ ረስታው፣ ለዐስር ስትታጠብ አግኝታ አስራው ነበር። እኔም እኮ ለውዱእ፣ ለሰላቱ ትጥበት፣ ሰዓቴን አወልቃለሁ፣ በቀን አምስት ጊዜ! እንዴት አላሰብኩትም?

ይህ ስህተት ነው፤ ስህተት ይማራል። ወንጀሌ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሠርጉ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። «አባት ቃሉን አያጥፍም» ብዬ ዝም አልኩ። እሁድ ጠዋት ዘይነብ የሚዜ ቀሚሷን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ስትከት እያየሁ ዝም አልኩ። ስለ እውነት ልጆቼን ስገሥጽ የኖርኩ እኔ፣ ከኩራቴና ከልጄ የትኛውን መረጥኩ?

ዛሬ ቤታችን ደስታ አለው። እናቴ አለችልኝ። ዘይነብ ሁሩታ ተድራ በየዒዱ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፤ ሶደሬ ወስጄ አዋኛቸዋለሁ። አልሐምዱሊላህ፤ በዚህ ደስታ ግን ጥፋቴን አልሸፍንም። ለመጪው ዒድ ስትመጣ ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ። ይቅር ማለትም አለማለትም የእሷ ነው።

የከፈልነው ሲደመር ይህ ነው። መርየም የመረጠቻት ሚዜ አልቆመችላትም። የእናቴ ቃል በልጇ ፊት ከዕቃ አነሰ። ዘይነብ ያልዋሸችውን ውሸት ተሸክማ ቀረች። እኔም ሴንሰሮቹ ከተነቀሉ ዓመታት ቢያልፉም፣ የልጆች እናት የሆነች ልጄ ከክፍል ክፍል በተሻገረች ቁጥር፣ ሳልጠይቃት ስትጣራ እሰማለሁ፦

«አባባ፣ ጓዳ ነኝ።»