የአንጎል የውሃ ተራ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ድረስ የእኔን የሚያህል አንጎል የተሸከመ ሰው የለም። ማስረጃዬ ባርኔጣዬ ነው፤ በልኬ ገበያ ላይ ስለማይገኝ የአህያ ኮርቻ የሚሰፋ ሰው ነው በትእዛዝ የሠራልኝ። ይህንኑ ለፋሲካ ለመጣችው ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። እሷ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ አንጎል ታበቅላለች።

«ጋሼ፣ ያ የራስ ቅልዎ ነው፤ አንጎል ሌላ» አለችና በስልኳ አንድ ነጭ ፍሬ አሳየችኝ። ምስር ብታክል ነው። ከሰው ቆዳ ከተወሰደ ሴል ያበቀሏት ናት።

«ምን ታስባለች?»

«ምንም።»

«ታዲያ እዚህ ብትመጣ የኮሚቴ ሰብሳቢ ትሆናለች። ለምን አታድግም?»

«የደም ሥር የላትማ! ዳር ዳሯ ሳህኑ ላይ ካለው ፈሳሽ ይጠጣል፤ መሃሏ ግን ምንም አይደርሰውና ይሞታል። በማህፀን ውስጥ ቢሆን የተራበው ሴል ምልክት ይልካል፤ የደም ሥርም ያንን ተከትሎ ከውጭ ወደ ውስጥ ያድጋል።»

ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም። የውሃ አባት ነኝ፤ የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የማከፋፍል። ሽንኩርቱ የተጠማበት ሰው እንዴት እንደሚጣራ ለእኔ አይነገረኝም፤ ገበሬዎቹ እያሉ ምሳ በልቼ የጨረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰሞኑን ደግሞ ራሴን ያዞረኝ፣ ግራ እጄን ያደነዝዘኝ ነበር። ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። አንጎል የተቀመጠው ከማሳው ሁሉ ከፍታ ላይ ነው፤ ያለ ሞተር ደግሞ ውሃ ከፍታ ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። መሃሉ እየደረቀብኝ ነዋ!

በማግስቱ ቦዩ ዳር ሄጄ እግሬን ሽቅብ፣ ጭንቅላቴን ቁልቁል አድርጌ ተጋደምኩ። ለአንጎሌ ተራ ሰጠሁት።

ማሳው የቦዩ መጨረሻ ላይ የሆነ አንድ ወዳጄ ውሃው ቢዘገይበት ሊጮህብኝ መጣ። መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው።

«ኢና ሊላሂ!» ብሎ አካፋውን ጣለ።

«አልሞትኩም፤ መስኖ ላይ ነኝ።»

«ፊትህ በርበሬ መስሏል እኮ! ወላሂ፣ መሞትህ ካልቀረ መጀመሪያ የእኔን ውሃ ልቀቅና ሙት!»

እየሳቅኩ ልነሳ ስል ግራ እጄ አልታዘዝ አለኝ። መሳቄን ተውኩ፤ እሱም ጩኸቱን ተወ። ስንት ቀን የጠበቀውን ተራ ጥሎ፣ እኔን አዝሎ አስፋልቱ ላይ ወጣና ባጃጅ አስቆመ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ግፊቴን ለካች፤ አላመነችም መሰለኝ ደግማ ለካች። የእህቴ ልጅ ስትሮጥ ደረሰች። የቁልቁል መስኖዬን ስትሰማ ልትስቅ ጀምራ እንባዋ መጣ።

«ሞተር የለም ያለዎት ማን ነው? ልብዎ ሞተር አይደል እንዴ! ከሚገባው በላይ እየገፋ ቦዩን ሊያፈርሰው ነው፣ እርስዎ ጭራሽ ተዘቅዝቀው ይጨምሩበታል?»

መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ሲመሽ ጣቶቼ አንድ በአንድ መታዘዝ ጀመሩ። ይህን ጊዜ ወዳጄ አፈጠጠብኝ።

«እጅህ ሲደነዝዝ ከርሞ ለምን ዝም አልክ?»

ስለ ትልልቅ አንጎሎች ትዕግሥት አንድ ንግግር ልጀምር ስል፣ ነርሷ ለምርመራ ደም ልትወስድ መጣች። መልሱን ያኔ ሁሉም አየው። መርፌ እፈራለሁ። የጮህኩት ክንዴን በጥጥ ስትጠርግ ነው፤ መርፌው ገና ከላስቲኩ አልወጣም ነበር።