ወንድሜን በመተማ ገበያ ያስተዋወቅሁበት ቀን

በደርግ ጊዜ፣ አስረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያ ቀን ገበያ ግን… አሁንም ሳስበው ልቤ ይዘላል።

ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወደ መተማ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። «ወባ ገደለው አሉ» የሚል ወሬ መጣ። ያመጣው ሰውዬ ራሱ ከሌላ ነው የሰማው። እናቴ አላለቀሰችም። «በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ካልመጣ ልጄን ሞተ አልልም» ብላ በር በሩን ማየት ጀመረች። እንቅልፍም አጣች። ያየ ሰው ፍለጋ ወረድኩ።

መተማ ገበያ ላይ ጋሽ ኢድሪስ የሚባሉ ለፋፊ ነበሩ። በቆርቆሮ ጥሩንባ የነጋዴውን ሸቀጥ ሁሉ ይጠራሉ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት «ያ ጀማዓ! እናንተ ሰዎች! አዋጅ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው! አትሽሹ!» ብለው ነው። ያኔ ወጣቱ የጥሩንባ ድምፅ ሲሰማ ለጦርነት ሊታፈስ መስሎት ይበተን ነበር።

እኔም በትምህርት ቤት አማርኛ ነገርኳቸው፤ ስሙ ይርጋ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠይም፣ የሚያውቀው ካለ እንዲያሳውቅ። እንዳልኳቸው ጠሩ። ዞር ያለ የለም። ደገሙት።

«ይርጋማ ስንቱ ነው!» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

ጋሽ ኢድሪስ ጥሩንባውን አወረዱ። «ልጄ፣ ይኼ ማሳወቅ እንጂ ማስተዋወቅ አይደለም። ሳሙናን እንኳ ስሙን ብቻ ብጠራ ማን ይገዛኛል? አረፋውን ነው የማወራው።»

«ወንድሜ ሳሙና ነው እንዴ?» አልኩ በንዴት። እንባዬ መጣ።

«አይደለም። እኔ አላውቀውማ! በል አንተ ጥራው» ብለው ጥሩንባውን አስያዙኝ።

ሰው ፊት ስናገር እንተባተባለሁ። «ወንድሜ… ወንድሜ ግራኝ ነው» አልኩ። «ሲያጭድ ያፏጫል።»

«እኔም አፏጫለሁ፣ ውሰደኝ!» አለ አንዱ።

«ፉከራ ይወዳል። እባብ ሲያይ ግን… ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው!» ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቃሉ ራሱ ይመጣልኝ ጀመር። «ወጡን ሳይቀምስ ጨው ይጨምራል! ሲቆጡት ሌላ ይጨምራል!»

ከሰሊጥ ጆንያዎቹ መሀል «ጨው አብዢው ይርጋ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አንድ የወሎ ጎልማሳ ሰዉን እየገፋ መጣ። «የካምፓችን ልጅ እኮ ነው! ስንት ቀን ወጣችንን አበላሽቶብናል!» እየሳቀ ደረሰና ፊቴን አየ። ሳቁን ተወው።

«ወንድሙ ነህ?»

«ነኝ።»

«እጄ ላይ ነው ያረፈ። ሽንፋ፣ ከወንዙ ማዶ ቀበርነው። አልቅሰንለታል።»

እንዴት ልበል… ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። «አገኘሁ! ያየ ሰው አገኘሁ!» እያልኩ ጮህኩ። ሽንኩርት ሻጯ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች።

ሰውዬው መቃብሩን አሳየኝ። አጨዳው ሲያልቅም አብሮኝ ጎጃም መጣ። እናቴ ፊት ቆሞ «በዓይኔ አይቻለሁ» አላት። ያን ቀን እስኪመሽ አለቀሰች። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

መርዶን እየዘለልኩ መቀበሌ ነውር መስሎኝ ለዓመታት ለማንም አልነገርኩም። ወንድሜ ዛሬም ይናፍቀኛል። በዚያ ደስታዬ ግን አሁን አላፍርም።