ቀድሞ የሚገባው ተቀባይ

በዚያ ቀን ከእኔ ሌላ ምድር ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ድምፃዊቷ፣ ድራም መቺው፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ልጅ እና ድምፅ ሊቀርጽ የመጣው ባለሙያ። የድምፃዊቷ እናትም መጥተው ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ውስጥ አልዘለቁም፤ ከበሩ ውጭ ወንበር ቀርቦላቸው ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ያየሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው ቤቱ ፈርሶ ምስክርነቱ ከእኔ ጋር ብቻ ስለቀረ ነው።

ቤቱ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ነበር። እኔ ከላይ ከመጻሕፍቴ ጋር እኖር ነበር፤ ምድር ቤቱን ለልምምድ ቦታ ለሚፈልጉ አራት ወጣቶች አከራየሁት። ሁለቱ ወንድምና እህት ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱ ጓደኞቻቸው። የሚጫወቱት ኢሞ የሚባል የሮክ ዓይነት መሆኑን የነገረኝ ወንድምየው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያለቅሰውን እነርሱ በአምፕሊፋየር እንደሚያለቅሱት አስረዳኝ። ዕድሜዬን በብራና መጻሕፍት ላይ አቀርቅሬ የኖርኩ ሰው ነኝና ትርጓሜው አላስቸገረኝም።

ሰፈሩ «ልቅሶ ቤት» የሚል ስም አወጣላቸው። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» ሲላቸው፣ ወንድምየው ገመዱን እየጠቀለለ፣ «ገና አልተወሰነም» ይለዋል። ድራም መቺውም ይቀበልና፣ «ጀለስ፣ ንፍሮው ብቻ ነው የቀረን፤ እሱን ካንተ ነው የምንጠብቀው» ይላል። እኔም ከሰገነቱ ሆኜ እስቅ ነበር።

አምስት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ ጠባብ አዳራሽ መጫወት ሲጀምሩ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ጥቁር የለበሱ ወጣቶች ከአዳራሹ ተርፈው ደረጃው ላይ ቆመው ያዳምጡ ጀመር። አሳታሚም ስፖንሰርም አልነበራቸውም፤ ዘፈናቸውን ራሳቸው እየቀረጹ በየስልኩ ይበትኑት ነበር። አንድ ቀን ሥላሴ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት ተማሪ ከምድር ቤቴ የወጣውን ዜማ ስታንጎራጉር ሰማሁ።

አዘፋፈናቸው የአውራጅና የተቀባይ ነበር። እህት ስንኙን ታወርዳለች፤ ወንድም ይቀበላል። ወንድምየው ግን አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው፤ እህቱ ሳትጨርስ ይገባል፤ በመጨረሻው ቃሏ ላይ ድምፁ ድምፅዋን ይረግጠዋል። አትቅደመኝ ትለዋለች፤ የምትዘገዪው አንቺ ነሽ ይላታል። ይህ ክርክር በየልምምዱ ወለሉን አልፎ ስለሚደርሰኝ፣ የዘፈኑ አንድ ክፍል አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ከዚያ ወንድምየው በሱዳን በኩል በየብስ ወጣ። ሊቢያ መግባቱን አንድ ጊዜ ደውሎ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ያልመጣበት ቤት ደግሞ ለቅሶ አይቀመጥም። እናቲቱ ጥቁር ልብስ ደጃፋቸውን እንዳይረግጥ ስለከለከሉ፣ ልጃቸው የመድረክ ልብሷን ምድር ቤቱ ውስጥ ለውጣ ነበር ወደ ቤቷ የምትሄደው።

የቀሩት ሦስቱ በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው አላስገቡም። አምፕሊፋየሩ ከማዕዘኑ አልተነሣም። የመቀበል ተራው ሲደርስ ሁሉም እጃቸውን ሰብስበው ዝም ይላሉ፤ ተራው ሲያልፍ ይቀጥላሉ። እኔ ከላይ ሆኜ መጽሐፌን ሳልገልጥ ያንን ዝምታ እጠብቅ ነበር።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሲሆን እህትየዋ ለወንድሟ አዲስ ዘፈን ደረሰች። ድራም መቺው ስንኞቹን ሲሰማ በትሮቹን አስቀመጠ። ይህ ሙሾ ነው፤ መርዶ ሳይረዱ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው አለ። ተያይዘው ወደ እኔ ወጡ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ።

ቅርጹ በእርግጥ የሙሾ እንደሆነ፣ ሙሾ ግን ሟች ከሌለው ሙሾ እንደማይባል ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ዘፈን ነው» አለችና ቀድማው ወረደች።

እናቲቱ በዚያ ቀን የመጡት ይህን ወሬ ሰምተው ነው፤ አንዲት የልቅሶ ቃል ብትወጣ ቀረጻውን ሊያስቆሙ። እኔን ደግሞ ልጆቹ በሩ ሥር እንድቀመጥ ለመኑኝ፤ ዝም ማለት የሚችል ሰው ከእናትየው አጠገብ አስፈልጓቸው ነበር። የሚቀርጹት በምሳ ሰዓት ነው፤ አካባቢውን የሚያፈርሱት ዶዘሮች የሚያርፉት ያን ጊዜ ብቻ ነበርና። ሞተሮቹ ሲጠፉ ሰፈሩ ጆሮ እስኪያም ጸጥ አለ። የልብስ ሰፊው ቤት ከፈረሰ ሰንብቷል፤ ከጎናችንም የቀረ ጎረቤት አልነበረም።

ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ ተጫወቱት። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ የሁሉንም ከንፈር አይ ነበር። በባዶው ተራ አፉን የከፈተ የለም። የወንድምየው አምፕሊፋየር ከሶኬቱ ተነቅሏል፤ አቧራ ለብሷል።

ባለሙያው የቀረጸውን መልሶ አሰማን። የመጀመሪያው ተራ በዝምታ አለፈ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው፣ የመጨረሻው ቃሏ ገና ሳያልቅ፣ አንድ የወንድ ድምፅ ገብቶ ቃሏን ረገጠው። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ያልተቸኮለ። ባለሙያው ወደ ቤዝ ተጫዋቹ ተመለከተ፤ ልጁ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳየው።

እናቲቱ ከውጭ፣ ስለ አስቸጋሪ ልጅ እንደሚናገር ሰው፣ ያለ ምንም መገረም፣

«ዛሬም አላስጨረሳትም» አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ሰዓቱ አልነበረም። የአሮጌው ሽቦ ጨዋታ ይሆናል አልኩ፤ ሽቦ ግን ስንኝ ከማለቁ በፊት መግባትን ከማን ይማራል? ባለሙያው ድምፁን ቆርጦ ማውጣት እንደሚችል ሲናገር፣ እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻግረው ገቡና ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ለእርሳቸው ልጃቸው በሕይወት እንዳለ መልእክት ነበር። ድራም መቺው ደረጃው ሥር ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አሁን መሞቱን አወቅሁ አለኝ።

አምስት ኪሎ የስንብት ዝግጅት ተይዞላቸው ነበር። ቤዝ ተጫዋቹ ይህን ዘፈን በመድረክ ካልተጫወትን መቼ ልንጫወት ነው እያለ ለመናት። እህትየዋ ጥቁሩን ልብስ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ብዘፍነውና ባይገባስ?» አለች። «መርዶው በእኔ አፍ መጣ ማለት እኮ ነው።»

ቤዝ ተጫዋቹ የጊታሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ጠብም አልተነሣም። ዕቃቸውን ሲጭኑ ዶዘሮቹ ሥራ ጀምረው ነበር።

ዛሬ ቤቱ በነበረበት ሰፊ መንገድና የመብራት ምሰሶ አለ። ድራም መቺው ሐዋሳ አጎቱ ሱቅ ገባ፤ ቤዝ ተጫዋቹና ባለሙያው አገር ለቀዋል። እናትና ልጅ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ እሑድ እሑድ እጠይቃቸዋለሁ። እናቲቱ ቀረጻውን ያስከፍታሉ። ልጅቷ ዘፈን ትታለች፤ ሁለተኛው ተራ ሲያልፍ ውኃ ላምጣ ብላ ትነሣለች። እኛ ሁለታችን እንሰማለን። ድምፁ እስከ አሁን አልቀረም።

በዚያ ቀን ከነበርነው ስድስት ሰዎች የቀረነው ሦስት ነን። እናቲቱ ግን አራት ነው የሚሉት።