የቢቸናው ጌሾ

በደርግ ዘመን የግብርና ባለሙያ ሆኜ ቢቸና ስመደብ፣ አረቄ ከምታወጣ ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሴትዮዋ ጌሾዋን የምትለቅመው ከጓሮዋ ነው፤ የምትኖረውም በእሱ ነው። ያን ዓመት ጌሾው ቢጫ ሆነ።

የተማርኩት ለዚህ ነውና ጎንበስ ብዬ አየሁት። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢገረጣ ናይትሮጂን አንሶታል እል ነበር። የታመመው ግን ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ ገላው ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። ብረት አጥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ እግሬ ሥር ነበር፤ ሴትዮዋ የአረቄ ምድጃዋን አመድ በየቀኑ ጌሾው ሥር ትደፋለች። አመድ ተባይ ያባርራል፣ ሲበዛ ግን አፈሩ ብረቱን ለሥሩ አይለቅም።

እሷ ምክንያቱን ቀድማኝ አግኝታለች።

«የዚያች የሸክላ ሠሪዋ ዓይን ነው» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ጎረቤቷ እያመለከተች። «በስመ አብ እንኳ ሳትል፣ እዚህ ቆማ "እንዴት ያምራል!" አለች።»

አረቄዋን የምትጠነስስበትን ጋን የሠሩላት እኒያው ሴትዮ ናቸው። ጋኑን አልፈራችም።

መናገር ነበረብኝ። ግን የምበላው ከእሷ መሶብ ነው፤ ጌሾሽን ያሳመምሽው አንቺ ነሽ ብዬ እንዴት ልበላት? «እስቲ እትዬ፣ አመዱን ለጊዜው ሌላ ቦታ ድፊው» ብቻ አልኳትና ያረጀ ፍግ ሥሩ ቀበርኩላት። ስለ ዓይኑ ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ቡዳ የሚባል ነገር የፊውዳል ወሬ ነው አለ። ሁላችንም አጨበጨብን፣ አከራዬም ጭምር። በዚያው ሳምንት ሰዎች የሸክላ ሠሪዋን ገና ያልተተኮሰ ሸክላ ሰባበሩባቸው፤ ከምንጩ ውኃ እንዳይቀዱም ከለከሏቸው። ሴትዮዋ የተረፋቸውን በአህያ ጭነው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሞጣ ሄዱ።

ከወር በኋላ ጌሾው አረንጓዴ ቅጠል አወጣ። አከራዬ ለመጣ ጠጪ ሁሉ እየወሰደች ታሳያለች። «አላልኩም? እግሯ በወጣ በወሩ!» ትላለች። ጠጪው ያማትባል። እኔ ጥግ ተቀምጬ አረቄዬን እጠጣለሁ። የሚያሳፍረው፣ ሕክምናዬ በመሥራቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዓመቱ ለሥራ ሞጣ ሄጄ ሸክላ ሠሪዋን ገበያ ላይ አገኘኋቸው፤ አንድ ግድግዳ ሥር ድስትና እንስራ ደርድረው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ወዲያው አወቁኝ።

«ልጄ፣ ያ ጌሾ እንዴት ሆነ?»

«ዳነ፣ እማማ» አልኩ፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

 ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉት።

«ሴት ልጄ ግንደወይን ከተማ ወልዳልኛለች። ሕፃኑን እስካሁን አላየሁትም። እኔ ከሄድኩ በኋላም ጌሾው ካልዳነ፣ እንግዲያ የኔ ዓይን አይደለም፣ ሄጄ አቅፈዋለሁ ብዬ ነበር።»

የአመዱን ነገር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ብነግራቸው ግን ያን ጊዜም አውቅ እንደነበር መናገሬ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና አንድ ድስት አንስቼ ዋጋውን ጠየቅኩ። ዋጋውን የነገሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው፤ እኔን እንዳይጎዱኝ።