የዘንገና ውሃና የአያ ደርበው ቃል

አያ ደርበው በእንጅባራ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ጥበቃ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያገኙትን ወረቀት ሳያነቡ አይጥሉም። በ2007 ዓ.ም. የኬሚስትሪ መምህርቷ ሶስና ውሃ በከዋክብት መካከል እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፋ ለተማሪዎቿ ስታድል አንዱን ለእሳቸው ሰጠቻቸው።

ሦስት ጊዜ አነበቡት። ጽሑፉ እንደሚለው ተመራማሪዎች አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት ዕቃ ውስጥ አንዲት ሳህን ከውርጭ ሁሉ በላይ ያቀዘቅዛሉ፤ ኦክስጅን እንደ በረዶ ያጋግሩባታል፤ ቀጥለው የሃይድሮጅን አቶም ይረጩባታል። ሳህኗ ላይ ውሃ ይገኛል። በሰማይ የሳህኗን ሥራ የሚሠራው አቧራ ነው፤ በባዶ ቦታ ተላትመው የሚለያዩት አቶሞች፣ አቧራው ላይ ሲያርፉ ይጣመራሉ።

ታዲያ በሰንበቴው፣ ሰዉ እንደ ጠበል የሚያየው የዘንገና ሐይቅ ነገር ሲነሳ፣ ደርበው ከውሃው ከፊሉ ፀሐይ ከመፈጠሯ በፊት በሰማይ አቧራ ላይ የተሠራ ነው አሉ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር፣ ደርበው ጠበሉን አቧራ ነው አሉ ተባለ። የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴው አያ ክንዴም ፈረዱ፦ በሚመጣው እሑድ ድንጋይ ተሸክመው ማኅበሩን ይቅርታ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ይሰረዙ። የተሰረዘ ሰው ደግሞ ሲሞት ቀባሪ የለውም፤ ደርበው ሰባ ሊሞላቸው ነው።

እሑድ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ባዶ እጃቸውን መጡ። አንዱ፣ ድንጋይ ጠፋባቸው እንዴ ቢል፣ ሌላው አቧራ ላይ እየተሠራላቸው ይሆናል ብሎ ሰዉን አሳቀ።

«አያ ደርበው፣ ድንጋይዎ የታለ?» አሉ ክንዴ።

«የሰው ድንበር አልገፋሁ፣ በሐሰት አልመሰከርሁ። ምን በድዬ ነው የምሸከመው?»

«ጠበሉን አቃለሉ።»

«እኔ እግዜር ውሃን አቧራ ላይ ሠራው አልሁ። አዳምንስ ከምን ሠራው?»

ክንዴ ለዘብ ብለው፣ ቃልዎን ይመልሱና ድንጋዩ ይቅር አሉ።

«ፊደል የቆጠርሁት ያነበብሁትን ልክድ አይደለም። ቀባሪ ካጣሁ ጅብ ይብላኝ እንጂ አልመልስም።»

ተሰረዙ። የዕለቱ ድግስ ተራ ግን የእሳቸው ነበርና መሶቡን ከመሀል ብድግ አደረጉ፤ ባለቤታቸው ዘውድነሽም የጠላውን እንስራ አዘሉ። ነዳያኑ ከተቀመጡበት የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አወረዱት። ማኅበርተኛው ባዶ ዋንጫውን ይዞ ከሩቅ ሲያይ፣ ደርበው እንጀራውን እየቆረሱ፣ ለሚበላው ሁሉ ስለዚያች ቀዝቃዛ ሳህን ከመጀመሪያው ጀምረው ያወጉ ነበር።