የገና ዱላ በኳስ ሜዳ

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለችው ሜዳ ስንጫወት ኳስ እግሬ ስር ገባች። ስሜ ይበልጣል ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ የታየው ነገር ነበር መሰለኝ፣ ሃምሳን ተጠግቼ፣ ቦርጬን አስቀድሜ፣ ዛሬም ከጎረምሳ ጋር እጋፋለሁ። ታዲያ ሦስት ልጆች ከበቡኝ። ቀና ስል ናትናኤል፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ጎሉ ፊት ብቻውን ቆሟል። አፉን ዘግቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ልክ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው። እኔ አብዶ ልሠራ ስል ኳሷን ቀሙኝ። ሄደውም አገቡብን።

"አንተ፣ ለምን አልጠራኸኝም?" አልኩት።

"እንዴ ጋሼ! እርስዎ ላይ ልጩህ?" አለኝ፣ ከልቡ ደንግጦ።

ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ምክንያቱም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም እንደዚያ እጁን አጣምሮ የቆመው እኔው ነበርኩ። ያንን እጅ ያስፈታኝ ደግሞ አገር ላገር የዞረ አንድ ጀርመን ነው።

ልጆቹ "ጀርመን አሰልጥኖኛል" ስላቸው አያምኑኝም። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ብሆን እኔን አላምንም። ግን ይሄኛው እውነት ነው።

ያኔ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የጦርነቱ ወሬ በርዷል፣ መንገዱ ገና አስፋልት አላየም፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ሲያራግፍ ሰው ሳይሆን የጤፍ እብቅ ያራገፈ ይመስላል። ታኅሣሥ ነው፣ እህል የሚወቃበት፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ የሚቆነጥጥበት ጊዜ። ከዚያ አቧራ ውስጥ አንድ ረጅም ነጭ ሰውዬ፣ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ኳስ የሞላ ጆንያ ይዞ ወረደ። ሚስተር ኩርት ይባላል። ለጥቂት ሳምንት የከተማውን ቡድን ሊያሰለጥን ነው የመጣው። አፍንጫው ፀሐይ ሲያገኘው የቡሬ በርበሬ ይመስላል።

ይሄ ሰውዬ ያልረገጠው አገር የለም። አመሻሽ ላይ መምህር አያሌው ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራናል። መምህር አያሌው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፣ የሚተረጉሙለትም እሳቸው። ጾመ ነቢያት ስለነበር እራቱ ሽሮ ነው። እሱም እንጀራውን እንደ ሶፍት እያጣጠፈ ይበላና በእንጨት መሬቱ ላይ አገር ይሥልልናል። ጋና ላይ ደጋፊው ከበሮ ሲመታ የራሱ ድምፅ አልሰማ ብሎት መሐረብ እያውለበለበ ያሰለጠነበትን። ቦሊቪያ ላይ፣ ከከፍታው የተነሳ ሲተነፍስ እንደ ወናፍ ያለከለከበትን። ከዐረብ አገር አንዱ ዘንድ ቀኑ ስለሚያቃጥል ፀሐይ ከጠለቀች ብቻ ኳስ የሚነካበትን።

"ታዲያ ያን ሁሉ አገር ለምን ተውከው?" አልነው።

"የት ትቼው!" አለ እየሳቀ። "አባረውኝ እንጂ። አንዱ ዘንድ ተሸንፌ ተባረርኩ። አንዱ ዘንድ አሸንፌ፣ የባለሥልጣኑን የእህት ልጅ ስላላሰለፍኩ ተባረርኩ። ሁሌም የሰዉ ጠባይ ሲገባኝ የአውሮፕላን ቲኬት ይሰጡኛል። ከአንድ አገር እንኳ ሳልባረር ብወጣ ምን አለበት!"

እኔ እንግዲህ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት በቃኝ ብዬ ሬዲዮ መፈታታትና መግጠም በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። የዓለምን ካርታ ያወቅኩት ግን ያን ጊዜ፣ ከአፈር ላይ ነው።

ኳሱ ላይ ስንመጣ ሚስተር ኩርት አንድ ነገር ግራ ገባው። የቡድናችን አምበል አያ ዘውዱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከሁላችንም በላይ ነው፣ በወጣትነታቸው የከተማው አንደኛ ተጫዋች ነበሩ፣ በዚያ ላይ የእኔ የክርስትና አባት። ኳስ ማን እግር ስር ብትገባ ዞራ ዞራ እሳቸው ዘንድ ትሄዳለች። አራት ሰው ቢከብባቸውም ትሄዳለች። የቅጣት ምቱ የሳቸው፣ የማዕዘኑ የሳቸው። አንድ ቀን ሰውዬው ፊሽካ ነፍቶ አስቆመን።

"ለምንድን ነው ኳሱ ሁልጊዜ ወደ እሱ የሚሄደው?"

መምህር አያሌው፣ "ታላቃቸው ናቸው" ብለው ተረጎሙ።

እኔ ደግሞ አላስቻለኝም፤ "ሚስተር፣ እኛ ኳስን እንደ ድፎ ዳቦ ነው የምንበላት። መጀመሪያ ሽማግሌ ይቆርሳታል" አልኩት። ተረጎሙለት። ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን ሳቁን አቆመና ወደ እኔ መጣ።

"አንተ ከሜዳ ውጭ አፍህ አይዘጋም። ሜዳ ስትገባ ማን ነው የሚሰፋው? ጎል ፊት ባዶ ቦታ እንዳንተ የሚያገኝ የለም። ሳትጠራ እዚያ ቆመህ ግን ከአጥር እንጨት በምን ትለያለህ? ኳስ ካልጠራህ ቡሬ ላይ ባለብን ግጥሚያ አትሰለፍም።"

ይሄ ወገቤን ቆረጠኝ። ቡሬ ሄደን አሸንፈን አናውቅም፣ አቻ እንኳ ወጥተን አናውቅም። እኔ ደግሞ ያን ዓመት ቡሬ ላይ ጎል አገባለሁ ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለጎረቤት ነግሬያለሁ፣ ለገበያተኛ ነግሬያለሁ፣ ጉራዬ በእግሩ ሄዶ ቡሬ መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ ደርሷል። ካልተሰለፍኩ በየት በኩል ልሂድ?

ሞከርኩ። በማግስቱ ልምምድ ላይ ጎሉ ፊት ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "አያ ዘውዱ፣ ካላስቸገርኩዎ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነኝና..." ብዬ ሳልጨርስ ኳሷ በሌላው ጎል መረብ ላይ ነበረች። ሚስተር ኩርት ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ምን ላድርግ? ክርስትና ያነሱኝ ሰው ናቸው። እንኳን ልጮህባቸው፣ ፊታቸው ተቀምጬ እግሬን አነባብሬ አላውቅም።

ገና ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ተፈስኮ፣ ከሰዓት የከተማው ወንድ ሁሉ ዱላውን ይዞ ከላህ ወንዝ ወዲህ ካለው መስክ ወጣ። የገና ጨዋታ መቼም ዳኛ የለውም። ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር እየለጋህ ወደ ሌላው ወገን ማሻገር ነው። በዚያን ቀን ደግሞ ትልቅ ትንሽ የለም። ሎሌ ጌታውን ይሰድባል፣ አማች አማቹን ይተርባል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ለዚህ ነው። አያ ዘውዱ በዚያኛው ወገን ነበሩ። እኔ ከዚህ ሆኜ፣ "ዘውዱ! መርፌ መስሎህ ነው እንዴ ዱላውን እንደዚያ የያዝከው? ሩሯን ልትጠቅማት ነው?" እላለሁ። እሳቸውም፣ "ና ጠጋ በል፣ መጀመሪያ አፍህን ልጥቀመው!" ይሉኛል። ሕዝቡ መሬት ለመሬት ይንከባለላል።

ዘወር ስል ሚስተር ኩርት አፉን ከፍቶ ቆሟል።

"ያ ድዳ ልጅ ይሄ ነው?" አለ። መምህር አያሌው የገናን ሕግ አስረዱት። ብዙ አሰበ። ከዚያ ለማስታወሻ ነው ብሎ ዱላዬን ለመነኝና ሰጠሁት።

በማግስቱ ሚስተር ኩርት መምህር አያሌውን አስከትሎ አያ ዘውዱ ልብስ ስፌት ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ ቡሬ ላይ የገናን ሕግ እንዲፈቅዱልን ጠየቃቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አያ ዘውዱ የመኪናውን መርገጫ ሳያቆሙ፣ "ገናን አባቶቻችን ፈቅደውታል። ኳስን ማን ፈቀደው?" አሉ። ሰውዬው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። መቼም የዚህ ጥያቄ መልስ አገር ላገር ዞሮ የሚገኝ አይደለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአይሱዙ ተጭነን ቡሬ ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር፣ አውድማ ላይ የሚዞር በሬ፣ ደጃፍ ላይ የተሰጣ በርበሬ። በርበሬው ሲያስነጥሰን ሚስተር ኩርት ከሁላችንም በላይ ያስነጥሳል። እንደ ደረስን ማንም ሳይጠብቅ አሰለፈኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ግን ያንን የገና ዱላዬን ከአይሱዙ ላይ አውርዶ ከሜዳው ዳር፣ ለስላሳው አፈር ላይ ተከለው።

"ይሄ ዱላ እስከቆመ ትጫወታለህ" አለኝ በመምህር አያሌው አፍ። "የነቀልኩት ጊዜ ትወጣለህ።"

ቡሬዎች በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገቡብን። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፣ ገሰገሰ፣ ኳስ ሁሉ ወደ አያ ዘውዱ፣ ከአያ ዘውዱ ወደ ቡሬ። ደጋፊያቸው "ጉረኛው የታለ? ጎሉን ማንኩሳ ረሳው?" እያለ ይስቃል። ሊያልቅ ሲል አያ ዘውዱ አንድ ኳስ ይዘው ሦስት ተከላካይ ከበባቸው። ያዙ፣ ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ። እኔ ጎሉ ፊት ብቻዬን ነኝ። አጠገቤ ዝንብ እንኳ የለም። ወደ ዳር ስመለከት ሚስተር ኩርት እጁን ዱላው ላይ አድርጓል። ዱላው ሲነቃነቅ አየሁት።

ከዚያ በኋላ አፌ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም።

"ዘውዱ! አንተ ሽማግሌ! እንቁላል መስላህ ነው እንዴ የታቀፍካት? ልቀቃትሳ!"

ሜዳው ቀጥ አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ አህያ እንኳ አላናፋም። ፊታቸው የቆሙት የቡሬ ተከላካዮች ኳሱን ረስተው ወደ እኔ ዞሩ። ትልቁ ተከላካይ ጭራሽ እሳቸውን ጥሎ መጣብኝ፣ ኳስ ሊቀማኝ ሳይሆን ሊገሥጸኝ። "አንተ ስድ! ታላቅህን! ማን ነው ያሳደገህ?" እያለ። በረኛው አፉን በእጁ ይዟል። አያ ዘውዱ ራሳቸው በድንጋጤ ኳሷን ለቀቋት፣ እሷም ተንከባላ መጥታ እግሬ ስር አረፈች። ተከላካዩ "ይቅርታ ጠይቅ!" ሲለኝ እኔ መረቡ ውስጥ ከተትኳት።

ቡሬዎች ዳኛውን ከበቡት። "ስድብ ነው፣ አይቆጠርም!" አሉ። ዳኛው ደግሞ፣ "ስድቡንስ ሰምቻለሁ፣ አፍሬያለሁም። ግን የተሰደበው የራሳቸው ሰው ነው፣ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?" ብሎ ወደ መሐል ጠቆመ። አንድ ለአንድ አለቀ። ለልጆቹ ሳወራ ሦስት ለአንድ ነው የምለው፣ እናንተ ግን የምታነቡ ሰዎች ስለሆናችሁ አላታልላችሁም።

መልሱ ላይ ግን አይሱዙው ለቅሶ ቤት መሰለ። አያ ዘውዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ ቃል አይተነፍሱም። እሳቸው ካልሳቁ ማን ይሳቅ? እኔ ጥግ ይዤ፣ በእግሬ ልውረድ እያልኩ አስባለሁ። ጎሉ ደስታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ሚስተር ኩርትም የገባው ይመስለኛል፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያሻሸዋል።

ማንኩሳ ስንደርስ የአያ ዘውዱ እህት አስቁመውን ድፎ ዳቦና ጠላ አወጡልን። ዳቦው እንደ ልማዱ ለታላቅ ተሰጠ። አያ ዘውዱ ባረኩ፣ ቆረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዘው ዙሪያውን አዩ። መምህር አያሌው አጠገባቸው ነበሩ፣ እንግዳውም ነበር። ሁለቱንም አለፉና እኔ ጋ መጡ። ቆምኩ፣ አንገቴን ደፋሁ።

"አንተ ይበልጣል" አሉ፣ ቁራሹን እንደያዙ። "ያቺን እንቁላል ታቅፌ ባላቆያት፣ አንተ ጫጩት ከየት ትፈለፈል ነበር?"

አቤት ሳቅ! ጠላው ከየዋንጫው ተደፋ። ሚስተር ኩርት "ምን አለ? ምን አለ?" እያለ መምህር አያሌውን ይወዘውዛል፣ እሳቸው ደግሞ በሳቅ እንባ ታንቀው መተርጎም አቅቷቸዋል። በመጨረሻ ሲገባው ተነሥቶ አያ ዘውዱን አቀፋቸውና፣ "ከዚህ አገርስ ሳልባረር ልወጣ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ አያ ዘውዱ ራሳቸው ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ዱላውን ዳር ላይ ይተክሉና "በሉ፣ ሕጉ ቆሟል፣ ስደቡኝ" ይሉን ጀመር። ሰውዬው ሲሄድ ዱላውን መለሰልኝ። ወደየትኛው አገር እንደሄደ አላውቅም፣ ግን የሄደበት ሁሉ ሽማግሌ ላይ ይጮኻል ብዬ አምናለሁ።

ይሄን ሁሉ ለናትናኤልና ለጓደኞቹ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው አላመኑኝም። ዛሬ ጠዋት ታዲያ ያንን ዱላ ከበር ጀርባ አውጥቼ ከሜዳው ዳር ተከልኩት። አያ ዘውዱ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ወንበር አውጥተው ተመለከቱን።

ጨዋታው ግማሽ ላይ ሲደርስ ኳስ ይዤ ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ። ከጎሉ በኩል የሆነ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ከዚያ ጮኸ፦

"ጋሼ! ይልቀቁልን እንጂ፣ ኳሷ እኮ እግርዎ ስር ጡረታ ልትወጣ ነው!"

አልዋሽም፣ ለቅጽበት ደሜ ፈላ። አያ ዘውዱን ያኔ የት ጋ እንዳመማቸው አሁን ገና አወቅኩት። ዳር ላይ ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ይስቃሉ። ኳሷን ለቀቅኩለት። ናትናኤል በሙሉ ኃይሉ መታትና ከጎሉ አናት በላይ፣ አጥር ተሻግራ የሰው ጎመን ውስጥ ገባች።

ሳታት። ግን ጮኸ።