በናፍጣ ያበራሁት ሰማያዊ

እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም፣ ለባሌም አልተናገርኩም። የነፍስ አባቴ ፊት ቀርቤ ምላሴንና ቁጣዬን አንድ በአንድ ስዘረዝር እንኳ ይህቺን ብቻ እየዘለልኩ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ሐሙስ ዕለት ለበደልኳቸው ሰው ነገርኳቸው። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ልቤ እየዘለለ አላስቀምጥ አለኝ! ስለዚህ እናንተም ስሙኝ።

ማርታ እባላለሁ። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ መኪናና ሱቅ ላይ በእጄ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ላሚሶ ናቸው። ያኔ መሃል ከተማ ቆማችሁ ከሚያልፉት ሚኒባሶች ግማሹ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነበር። ብሩሹን ካነሱ መስመር ሳያሰምሩ፣ ሳይሰርዙ፣ ፉጨታቸውን እያፏጩ ይጨርሱታል። እኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ ሌላ ሥራ ትቼ የመጣሁት ያንን ፉጨትና ያንን ብሩሽ አይቼ ነው።

የሐዋሳ ፀሐይ የመኪና ቀለም ዓመት ከዓመት ሲጠብሰው ቀለሙ ዱቄት ያወጣል። በእጃችሁ ብታሹት እንደ ጠመኔ እጃችሁ ላይ ይቀራል። እላዩ ላይ ከጻፋችሁ ጽሑፉ የሚይዘው ዱቄቱን ነው፤ ዱቄቱ ሲለቅ አብሮ ይለቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ጠንካራው ቀለም እስኪወጣ ይፈተጋል፤ እንደገና ታጥቦ ይደርቃል። በመጨረሻ የፈተገው ሰው ደረቅ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ጎትቶ ለጋሽ ላሚሶ ያሳያል። ነጭ ከያዘ፣ በል እንደገና! እሳቸው አይነኩም። የብሩሽ እጃቸው ንጹሕ መሆን አለበት። «መዳፍሽን አሳዪኝ» ይሉኛል፣ ያያሉ፣ ያምኑኛል። በቃ፣ እንደዚህ ነበር የምንሠራው።

አንድ ቀን አዲስ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴትዮ አሮጌ ሰማያዊ አውቶቡስ ይዛ መጣች። በማግስቱ ጠዋት በድምፅ ማጉያ እየዞረ ተማሪ ሊጠራላት ነው። ስቲከር ላስለጥፍ ወይስ በእጅ ላስጽፍ እያለች ታመነታለች። ጋሽ ላሚሶ ከጎናችን ያለው የጋራዥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ፊደሌ ከለቀቀ ሐዋሳ ውስጥ ላሚሶ የሚባል ጸሐፊ አለ እንዳትዪ!» አሏት። ሴትዮዋ ሳቀችና ቁልፉን ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማርቲ፣ እስከ እኩለ ቀን ፈትገሽ ከጨረስሽ የኋላውን በር አንቺ ትጽፊዋለሽ።»

ኧረ ምን ልበላችሁ! እኔ? በዚህ እጄ? ሐዋሳ ሁሉ በሚያየው አውቶቡስ ላይ? እግሬ መሬት አልነካም። ሮጬ ባልዲ ሞላሁ፣ ሮጬ ወረቀቱን ነከርኩ። ከየት ጀመርኩ? ከኋላው በር ነዋ! ከራሴ በር! አሸሁት፣ አጠብኩት፣ ደግሜ አሸሁት። መዳፌን ጎተትኩበት፤ ንጹሕ። ደስ ስላለኝ ሦስተኛ ጊዜ ፈተግኩት። ቀና ስል ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። ሁለቱ ጎኖች፣ እሳቸው የሚጽፉባቸው ሁለት ረጃጅም ጎኖች፣ ከሳሙና በቀር ምንም አልነካቸውም።

አሁን እዚህ ላይ እኔን ተመልከቱኝ። «ጋሼ፣ አልደረሰልኝም» ማለት ያቅታል? ቢበዛ በሩን እሳቸው ይጽፉት ነበር። ብሩሹ ግን ከእጄ ሊወጣ ነው! ጋራዡ ደጃፍ ላይ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ወድቋል። አነሳሁት። ሾፌሮች መኪና እንዲያበራላቸው በናፍጣ ሲወለውሉ አይቻለሁ። እኔም ወለወልኩት። ጠመኔ የመሰለው ቆርቆሮ አፍታም ሳይቆይ እንደ አዲስ ጥልቅ ሰማያዊ ሆነ። በደረቅ ጨርቅ አደረቅኩት። ሽታው እንደሆነ የጋራዡ ሽታ ነው፣ ማን ይለየዋል?

«መዳፍሽን አሳዪኝ።»

እጄን በሳሙና ታጥቤ ነበር፤ ቆርቆሮውን ግን አልነካሁበትም። እንደ ዋዛ ዘረጋሁላቸው። ጋሽ ላሚሶ አዩት፣ «ጎበዝ!» አሉ፣ ቢጫቸውን መበጥበጥ ጀመሩ። እኔ ዋሸኋቸው። በአፌ አልዋሸሁም፤ የዋሸሁት በሚያምኑት እጄ ነው።

እኔ ከኋላ ከፋብሪካ በጣሳ ተዘጋጅቶ በመጣው ነጭ ቀለም «ሕፃናት አሉ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ከጎን ራሳቸው ባዘጋጁት ቢጫ ይጽፋሉ። ፉጨታቸው ቆመ። «ይሄ ቢጫ ዛሬ ምን ነካው? ይሸሽብኛል። ማቅጠኛውን ቲነር አብዝቼበት ይሆን?» ሲሉ ሰማሁ። ሰማሁ! ቀለሙን የሚያሸሸው የእኔ ናፍጣ መሆኑን አውቄ ብሩሼን ቀጠልኩ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ እንደዚያ ዕለት ከሰዓት በሕይወቴ ተደስቼ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ዘነበ። አውቶቡሱ ተመልሶ ሲመጣ ጎኖቹ ላይ ቢጫው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ አልጮኸችም። «ጋሽ ላሚሶ፣ ልጆቹ እየላጡ ይጫወቱበታል» ብቻ አለች። የኋላው በር ግን አንዲት ፊደል አልለቀቀችም። ከጋራዡ አንዱ ሜካኒክ «አቤት፣ የተማሪዋ ያዘ፣ የመምህሩ ለቀቀ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ጋሽ ላሚሶ የተረፈውን ቢጫ ከፍተው አሸተቱ፣ በጣታቸው አሹት፣ ብዙ አዩት። ከዚያ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀለሙን አበላሽቻለሁ» አሏት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል «እኔ ነኝ» ማለት? አላልኩም። በዚያው ሳምንት ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ቀለም ማዘጋጀት ጠፍቶብኛል፣ በሰው ንብረት አልቀልድም» ብለው ቡሹሎ ወዳለው ማሳቸው ሄዱ። ብሩሾቹን ተቀበልኩ። ደንበኞቻቸውንም ተቀበልኩ። «የላሚሶ ተማሪ» እየተባልኩ ስሞገስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም ጻፉልኝ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቴርን ገበያ አገኘኋቸው። «ላሚሶ እስከ ዛሬ፣ በዚያ ቢጫ ላይ ምን ጨምሬበት ይሆን እያለ ይጠይቀኛል» አሉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ! እቃዬን እዚያው ጥዬ መጮኽ አማረኝ። ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ይዤ፣ ስምንት ዓመት ዝር ወዳላልኩበት ቡሹሎ ሄድኩ።

ጋሽ ላሚሶ ደጃፋቸው ዛፍ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው በድምፄ ለዩኝ። ቁጭ ሳልል፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ በሩን፣ ጎኖቹን፣ ናፍጣውን፣ የታጠበ እጄን። ስድባቸውን ጠበቅኩ። እርግማናቸውንም ጠበቅኩ።

«ቀለሙ አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም ጋሼ።»

«ቢጫው ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር ጋሼ። ምንም አልጎደለውም።»

ጭናቸውን መትተው ብድግ አሉ! «አስቴር! አስቴር ነይማ! ቀለሙ ልክ ነበር! ላሚሶ አልተሳሳተም!» እየሳቁ ይዘላሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ። «ተባረኪ ልጄ፣ ነገርሽኝ!» አሉኝ። እኔን! መረቁኝ! እኔም ሞኟ አብሬያቸው ሳቅኩ። «በይ ብሩሽ አምጪልኝ፣ ነገውኑ እጀምራለሁ!» ብለው ትከሻዬን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው በጎኔ አለፈና አየር ጨበጠ።

ወይዘሮ አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዓይኑ ከጠፋ እኮ ሁለት ዓመት ሆነው» አሉኝ።

ጋሽ ላሚሶ ሰሟቸው። ፈገግታቸው አልጠፋም። «ያኔ ግን ዓይኔ ያይ ነበር» አሉ።

ይቅር ብለውኛል፤ ከልባቸው፣ እዚያው በቆሙበት። እናንተ ግን አትቸኩሉልኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ደስታ አሳወረኝም አልልም። ከስምንቱ ዓመት ሁለቱን ቀንሱ። ጋሽ ላሚሶ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይናቸው እያየ፣ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ አንዲት ፊደል ሳይጽፉ ተቀመጡ። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።